ቁልፉ ቦኖሻ ለሠርግ ስለሄደበት ሳይረን

ለተከበሩ ቀኛዝማች ወንዳፈረው፣
የእሳት ማስጠንቀቂያ መራጭ ኮሚቴ ሊቀመንበር፣
ሆሳዕና።

ክቡርነትዎ ከነቤተሰብዎ በሙሉ ጤንነት እንዲገኙ፣ ይልቁንም ጆሮዎ ደህና እንዲሰማ እመኛለሁ። እኔም ቤት ከማጣቴና ባለቤቴ እልፍነሽ ከመሞቷ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በገበያው በር የለጠፍሁት፣ ክቡርነትዎ ማመልከቻ ሲያነቡ አይቼ ስለማላውቅ ነው። ምስጋናዬ እንደሚከተለው ነው።

፩ኛ. እሳት ሲነሳ ሕዝቡ በምን ይጠራ ተብሎ ኮሚቴው የተሰበሰበ ዕለት ምርጫው ሁለት ነበር። አንደኛው በጸሎት ቤታችን ባሕር ዛፍ ላይ የተንጠለጠለው፣ በብረት ሲመቱት ከወንዝ ማዶ የሚሰማው የአሮጌ መኪና ቸርኬ ነው፤ ሁለተኛው ከአዲስ አበባ የሚመጣ በእጅ የሚዞር ሳይረን። ክቡርነትዎ ቸርኬ ለጎሚስታ ቤት እንጂ ለከተማ አይመጥንም ብለው ሲስቁ እኛም አብረን ሳቅን። ስላሳቁን እናመሰግናለን።

፪ኛ. ሳይረኑ ሲመጣ ማንም እንዳይነካካው በቢሮዎ ሣጥን ስለቆለፉበት፣ ቁልፉንም ከኪስዎ ስላልለዩት፣ ሕዝቡም በሁለት ድምፅ እንዳይደናገር ቸርኬው ይውረድ ብለው ስላዘዙ፣ ጥንቃቄዎን አደንቃለሁ።

፫ኛ. ባለፈው ጥር፣ በገበያ ቀን፣ የጎረቤቴ የአቶ ጠና ማድ ቤት ክዳን በእሳት ተያያዘ፤ ነፋሱም ወደኛ ነበር። እልፍነሽ እግሯ በሕመም ከታሰረ ዓመት አልፏት አልጋ ላይ ነበረች። ላነሳት ብሞክር አቃተኝ። «ብቻህን አትችለኝም፤ ሂድ ሰው ጥራ» አለችኝ። እንደ ደንቡ ወደ ቢሮዎ ሮጥሁ። ዘበኛው በትሕትና ከመቀመጫው ተነስቶ፣ ቁልፉ ከቀኛዝማች ጋር ቦኖሻ ለሠርግ መሄዱን ነገረኝ። ስመለስ ጣራው ወርዶ ነበር። ገበያተኛው የመጣው ጭሱን አይቶ፣ ለቀብር እንጂ ለማዳን በማይሆን ሰዓት ነው። ሠርጉ ያማረ እንደነበር ሰምቻለሁና ደስ ብሎኛል።

፬ኛ. ይህ የእርስዎ አይደለም፣ የራሴ ነው፤ ግን አብሮ ይነበብ። በትእዛዝዎ መሠረት ቸርኬውን ከዛፉ ያወረድሁት እኔ ነኝ፤ በስብሰባው ቃለ ጉባዔም ላይ ፈርሜአለሁ። እሳቱ የተነሳ ዕለት ቸርኬው ከነመምቻው ከጓሮዬ አጥር ሥር ተጋድሞ ነበር። ወደ ቢሮዎ ስሮጥ ዘልዬው አለፍሁ። ትእዛዝ አክባሪ ነበርሁ። ስለዚህ ነገር የምጠየቀው በሌላ ዳኛ ፊት ነው፤ እዚያም ስጸልይ የእርስዎንና የኔን ስም አንድ ላይ እየጠራሁ ነው፣ ለብቻዬ እንዳልቆም።

እንግዲህ ቸርኬውን ሰቅዬዋለሁ፤ ከጸሎት ቤቱ ሳይሆን ከደጃፍዎ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ። በየገበያው ቀን፣ እልፍነሽ ሰው ጥራ ባለችኝ ሰዓት፣ አንድ ጊዜ ብቻ እመታዋለሁ። ምን ሆነ ብሎ ለሚጠይቅ መንገደኛ ሁሉ ከሞርሲቶም ይምጣ ከጃጁራ፣ ስምዎን ሳላሳስት እነግረዋለሁ። ቢያሳስሩኝ የጸሎት ቤቱ ሰዎች ለመምታት ተራ ይዘዋል።

የክቡርነትዎን ጥንቃቄ ዕድሜ ልኩን የማይረሳ፣ ለትእዛዝዎ ታዛዥ የነበረ፣

ተረፈ ሄሊሶ
የካቲት ፳፩ ቀን ፲፱፻፷፩ ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ እግዚአብሔር አያድርገውና የእርስዎ ቤት ቢቃጠል ማመልከቻ ሳልጠይቅ ቸርኬውን እመታለሁ። እጄ ያን ጊዜ እንዳይዘገይ ማለዳ ማለዳ እጸልያለሁ፤ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁም።