እናቴ ጎን የተቀበሩት

ማክሰኞ፣ ሪራ

…ከዚያ አባቴ ሦስቱንም የአውሮፕላኑን ሰዎች እናቴ ጎን ቀበራቸው። በዚያው ዶማ፣ በዚያው ከሰዓት። ጠዋት ቦምብ ጥለው ገደሏት፤ ሲመለሱ የእኛ ሰዎች አውሮፕላናቸውን ተኩሰው ጣሉት። «የሞተ ሰው ጠላት አይሆንም» አለ አባቴ። ልጅ ነበርኩ። ለእኔ ግን ሆነ።

ይህን ያስታወሰችኝ የአብራሪው እህት ናት። ወይዘሮ አስካለ፣ ከአዲስ አበባ። መንግሥት ከተለወጠ ወዲህ ስትፈልግ ቆይታ ዛሬ ቤቴ ደረሰች። ባዶ ሣጥን ይዛለች፤ የሦስቱንም አጥንት ወስዳ ቤተ ክርስቲያን ልታሳርፍ። ፊት ለፊት አንቱ እላታለሁ። እዚህ ደብተሬ ላይ ግን አልልም።

ረቡዕ

«ነይ እንጂ ልጄ፣ ብቻዬን ልብላ?» ትላለች። የረመዳን ቀሪ ጾም አለብኝ አልኳት። ዋሸሁ። ጉማ፣ የደም ካሣው፣ ሳይከፈል ባለ ደምና ደመኛ ከአንድ ገበታ አይቆርሱም። ለእናቴ የከፈለ የለም። ይቅርታ ያለም የለም።

መቃብሩን ከእኔ ሌላ የሚያውቁት አጎቴ ሐጂ አማን ናቸው። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ባለ ደሟ አንቺ ነሽ። ካላሳየሽ አላሳይም» አሉኝ።

ያ ቦምብ ሁለት በቅሎዎቻችንንም ፈጅቷል። ከቀርከሃው ሥር ጉድጓድ ውስጥ ናቸው። ሌሊቱን ሁሉ እነሱን አሰብኩ።

ሐሙስ

ከቀርከሃው ሥር ብቻዬን ቆፈርኩ። የራስ ቅሎቹን ትቼ ሌላውን ሣጥኑ ውስጥ ከተትኩ፤ በሚስማር መታሁት። እሷ ጉልበቷ ዳገቱን እምቢ ብሏት ቤት ቀርታ ነበር። ሣጥኑን ስታይ ተንበርክካ ሳመችው። «ማሞዬ፣ ከበድክ እኮ» አለች።

ደስ አለኝ። እውነቱን ልጻፍ፤ ደስ አለኝ።

አጎቴ እጄን አዩ። «እናትሽ የተኛችበት አፈር ጥቁር ነው። ይሄ ቀይ ነው» አሉ።

ዓርብ

የጎባው መኪና ደጃችን ቆሞ ጥሩምባ ይነፋል። ሾፌሩ «እማማ፣ ወርቅ ነው እንዴ የሚጭኑት?» እያለ ይቀልዳል።

አጎቴ ማታ ለእንግዳዬ ስለ እናቴና ስለ ጉማው ነግረዋቸዋል። ስለ ሣጥኑ አልነገሯቸውም። ወይዘሮ አስካለ ዳቦ ቆርሰው ግማሹን ዘረጉልኝ።

«የምከፍለው የለኝም ልጄ። እናትሽን የገደለው የእኔው ነው። ከቻልሽ ብዪ።»

አጎቴ ዶማውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ያዩኛል። ሾፌሩ አንድ እጁን ሣጥኑ ላይ አድርጎ «ልጫነው ወይስ?» አለኝ።

ዳቦውን ተቀበልኩ። ገባሁና በሩን ዘጋሁት። ዳቦው ሳልቀምሰው እጄ ላይ እንዳለ፣ መኪናው ሣጥኑን ጭኖ ሲሄድ ሰማሁ።