በሩ እምቢ ያለው ጨዋታ

ደባርቅ፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለባርናባስ፣ ሐዋሳ።

ስድስት ዓመት ሰላም ነስቼህ ኖሬ ዛሬ በሰላምታ መጀመር አሳፈረኝ፤ ቢሆንም እንደምን አለህ ልጄ? እናትህ ወለተ ማርያም ደኅና ናት። እኔም ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ።

የደረስጌውን ቅኔ ቤት ጥለህ ኮምፒውተር ልማር ያልህ ቀን፣ ደጄን እንዳትረግጥ በግዝት አስሬህ ነበር። ሥርዓቱን እርግፍ አድርጎ ትቷል ብዬ ነው። የካህን ግዝት ነውና አንተም አክብረኸው ቀረህ።

ባለፈው ሳምንት እህትህ ናዝራዊት አንተ ሠርተህ የላክህላትን ጨዋታ በስልኳ ልትከፍት ስትታገል ደረስሁባት። «አባየ፣ ይኸ ለኮምፒውተር ነው የተሠራ፤ ስልክ ቋንቋውን አያውቅም። መሀል ሆኖ የሚያስተረጉም ሶፍትዌር ጭኘበታለሁ» አለችኝ። በፈረንጅና በባላገር መሀል እንደሚቆም የኛ አገር አስጎብኚ ነው ለካ። መጀመሪያ ፊደሉ ሁሉ ባዶ ሳጥን እየሆነ ወጣ፤ የግዕዙን ፊደል ስትጭንበት ተነበበ። እኔም አይቼ ልኮንን ብዬ አጠገቧ ተቀመጥሁ።

ጨዋታው ውስጥ ያለው መንገደኛ ገደሉን ወጣ፣ ወንዙን ተሻገረ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ሲደርስ ግን በሩ አልከፈት አለ። ሁለት ቀን ሙሉ ነካካችው። ስልኩ ቢግል በነጠላዬ ያዝሁላት፤ ለኩነኔ የመጣሁት ሰውዬ። በመጨረሻ «ሶፍትዌሩ ነው አባየ፣ ይኸን በር መተርጎም አቃተው» ብላ ልትዘጋው ስትል ቀረብ ብዬ አየሁ።

«አንች፣ ልጁ ከነጫማው አይደለም ወይ የቆመ?» አልኋት።

እግሩን ነካችው። ጫማውን አወለቀ፤ ዝቅ ብሎ መድረኩን ተሳለመ። በሩ ተከፈተ።

ናዝራዊት ሳቀች። እኔ አለቀስሁ፣ አልደብቅህም። ማንም ሳያዝህ፣ ማንም ሳያይህ፣ ያ በር ያለ ሥርዓቱ እንዳይከፈት አድርገህ ሠርተኸዋል። የተሳሳትሁ እኔ ነኝ። ይኸን ሳውቅ ማፈር ሲገባኝ እፎይ አልሁ፤ ከዚያ ወዲህ እንቅልፌ እንኳ ሌላ ሆኗል።

ግዝትን የሚፈታው ያሰረው ነውና፣ ዛሬ ከቅዳሴ መልስ እናትህ ቆማ እየሰማች «እግዚአብሔር ይፍታህ» ብዬ ፈትቼሃለሁ። ማርያም መንገድህን ታቅናው፤ እግዚአብሔር እጅህን ይባርክልህ።

እኔን ግን ከአንተ በቀር የሚፈታኝ ካህን የለም። ና ልጄ።

አባትህ
ቄስ ሀብተ ሚካኤል