በር ጠባቂዎቹን ወደ ባዘቶ ክፍል የሚመልሰው ጥናት

ቀን፦ ኅዳር 12

ለሠራተኞች ጤና ጥናት አጽዳቂ መሥሪያ ቤት
ለክቡር ዋና ኃላፊ

አመልካች፦ የጥጥ ፋብሪካው በር ጠባቂ ባለቤት፣ በሙያዬ ልብስ ሰፊ

ጉዳዩ፦ በፋብሪካው ሠራተኞች ሳል ላይ የተደረገው ጥናት ሕመምተኞቹን ያለ ቦታቸው የቆጠረ በመሆኑ፣ በእርሱ መነሻነት የተወሰነው ዝውውር ከታኅሣሥ 1 ቀን በፊት እንዲታገድና ጥናቱ እንደገና እንዲሠራ ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

ይህ ማመልከቻ ከመዝገብ ቤት ተነሥቶ እርስዎ ጠረጴዛ ላይ እስኪደርስ በብዙ እጅ እንደሚያልፍ እገምታለሁ። ስለዚህ በመንገድ ላይ ለሚያነቡት ሁሉ ሰላምታዬን እያቀረብሁ፣ አንብበው እንዲያሳልፉት እንጂ እንዳያሳድሩት እለምናለሁ። ግልባጩን ለማንኛውም ከእኔ ዘንድ አስቀርቻለሁ።

1. ባለቤቴ የፋብሪካው በር ጠባቂ ነው። ጥናቱም የሚያውቀው በዚሁ ብቻ ነው። ነገር ግን ሰውየው ለጥበቃ አልተቀጠረም። ከጎረምሳነቱ ጀምሮ ጉልበቱን የጨረሰው ባዘቶ ክፍል ውስጥ ነው፤ ይኸውም ጥጡ ከጆንያው ወጥቶ የሚበጠርበት፣ ብናኙ ከመብዛቱ የተነሣ ወዲያኛው ማሽን ላይ ያለው ሰው በድምፁ እንጂ በመልኩ የማይለይበት አዳራሽ ነው። በእጮኝነታችን ጊዜ ከሥራ በቀጥታ እኛ ቤት ሲመጣ ቅንድቡና ጸጉሩ ነጭ ሆኖ ያየችው እናቴ «ልጄ፣ እኩያሽን አጣሽ?» ብላኛለች። ያኔ ታጥቦ ይለቅ ነበር።

2. በዚህ ፋብሪካ የትም ያልተጻፈ የቆየ ልማድ አለ። አንድ የባዘቶ ክፍል ሠራተኛ ሳሉ ሲበረታበትና ደረጃ መውጣት ሲሳነው፣ የፈረቃ አለቃው ጎን ያደርገውና «አንተ አሁን ደክመሃል፣ በር ላይ ተቀመጥ፣ ንጹሕ አየር ታገኛለህ» ይለዋል። በደግነት የሚደረግ ነገር ነው፤ ባለቤቴ የተዛወረ ዕለት እኔ ራሴ አለቃውን መርቄያለሁ። ሰውየው እንጀራው ሳይቋረጥ ይተርፋል፣ ፋብሪካውም ልምድ ያለው ሰው አያጣም። በሰፈራችን ሴቶች ዘንድ «እገሌ በር ወጣ» ሲባል ድምፅ ዝቅ የሚለው ምን ማለት እንደሆነ ስለምናውቅ ነው። ዛሬ በዚያ በር ከቆሙት መካከል በጤናው ወደዚያ የመጣ ሰው እኔ አላውቅም። አንዱን እንዲያውም «ጄኔሬተር» ይሉታል፤ ጠዋት ጠዋት ሳሉ ብዙ አንገራግሮ ስለሚነሣ ነው። እርሱም በስሙ ይስቃል፣ ከዚያ ሳቁ ያስለዋል።

3. ባለፈው ዓመት አጥኚዎች መጡ። የጥጥ ብናኝ ሳል ያመጣ እንደሆነ ለማወቅ ሠራተኛውን በሁለት ወገን ከፈሉት፤ በአንድ በኩል ባዘቶ ክፍል የሚሠሩት፣ በሌላ በኩል ጥጥ የማይነኩት። ጥጥ የማይነኩት ተብለው የተመረጡት በር ጠባቂዎቹ ናቸው። ከዚያ በየወገኑ ስንቱ እንደሚስል ተቆጠረ። ውጤቱም ጠባቂዎቹ ከባዘቶ ክፍል ሠራተኞች እጅግ አብዝተው ይስላሉ የሚል ሆነ። «የጥጥ ብናኝ ለሳል ምክንያት ስለመሆኑ ማስረጃ አልተገኘም፤ በአንጻሩ በበሩ አካባቢ ያለው ብርድና የመኪና ጭስ ትኩረት ይሻል» ይላል መደምደሚያው፣ በመሥሪያ ቤትዎ ማኅተም ጸድቆ። በሩ አጠገብ ተለጥፎ ሳነበው መጀመሪያ ስቄያለሁ። ሳቄ ብዙ አልቆየም።

4. ፋብሪካው በዚሁ ጥናት ላይ ተመርኩዞ ሁለት ነገር ወሰነ። አንደኛ፣ ለባዘቶ ክፍል ሊገዛ የነበረው ብናኝ መሳቢያ ማሽን አስፈላጊ አይደለም ተብሎ ቀረ። ሁለተኛ፣ «ለጤናቸው ሲባል» ጠባቂዎቹ በሙሉ ከታኅሣሥ 1 ቀን ጀምሮ ወደ ባዘቶ ክፍል እንዲገቡ፣ በምትካቸውም ከዚያ ደህና ደረት ያላቸው ወጣቶች በር ላይ እንዲቆሙ ታዘዘ። ከእሳት የወጣን ሰው ብርድ እንዳይመታው ብሎ ወደ እሳቱ መመለስ ማለት ይህ ነው። ባለቤቴ ከዚያ አዳራሽ ሁለተኛ በእግሩ የሚወጣ አይመስለኝም። አቤት የምለውም ስለዚህ ነው።

5. ክቡር ኃላፊ፣ እኔ ተጠራጣሪ ሰው ነኝ፤ አልደብቅዎትም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት፤ ደንበኛ ጨርቅ ሲያመጣልኝ እንኳ በዓይኑ ፊት ለክቼ ነው የምቀበለው። ስለዚህ በመጀመሪያ ያልሁት «ይህ ነገር ተገዝቷል» ነው። ለጥርጣሬዬም ምክንያት አላጣሁም። አጥኚዎቹ በመጡ ሳምንት የባዘቶ ክፍል መስኮቶች ተከፈቱ፣ ወለሉ በውኃ ታጠበ፤ ክፉኛ ይስሉ የነበሩትም ድንገት የዓመት ፈቃዳቸውን እንዲወስዱ ተደረገ። መጠይቁ ሲሞላ የፈረቃ አለቃው አጠገብ ቆሞ ነበር። ጎረቤቴ እዚያው ክፍል ናት፤ «ትስያለሽ?» ስትባል አለቃዋን አየችና «ኧረ አልስልም» ብላ፣ ተናግራ ሳትጨርስ ሳለች። «ጉንፋን ነው» አለች። ጉንፋን ተብሎ ተጻፈላት።

ደረት ያዳመጠው ወጣት ሐኪምም ቢሆን አንድ ነገር አድርጓል። የመጀመሪያዎቹን ጠባቂዎች ደረት ከሰማ በኋላ፣ ጠባቂ ነኝ ያለውን ሁሉ «እስቲ ድገመው፣ በደንብ ሳብ አድርግ» እያለ ደጋግሞ አዳመጠ። የባዘቶ ክፍሎቹ ሰልፍ ረጅም ስለነበር ግን አንዴ ብቻ እየነካ ያሳልፋቸው ነበር። ይህን ባለቤቴ ነው የነገረኝ፣ እንደ ምስጋና አድርጎ፤ «እኛን እንዴት ተጠነቀቀልን መሰለሽ» አለኝ። ፈልጎ የሚያዳምጥ ጆሮና ለመጨረስ የሚቸኩል ጆሮ እኩል አይሰማም።

6. በር እንኳ ሳይደርሱ ከባዘቶ ክፍል በቀጥታ ቤታቸው የገቡ፣ ከቤታቸውም ወደ መቃብር የሄዱ አሉ። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም አንዱ ነው፤ ለባለቤቴ እዚያ ሥራ ያስገኘለትም እርሱ ነበር። የሞተ ሰው አይስልም፤ ስለዚህ ጥናቱ ውስጥ ከነጭራሹ የለም። በክፍሉ የቀሩት አዲስ የገቡትና ደረታቸው እስካሁን ያልከዳቸው ናቸው። የቀሩትን ብቻ አይቶ ክፍሉ ጤና ነው ማለት እንግዲህ ለእኔም ይሠራልኛል፤ ስፌቴን የሚያማ ደንበኛ የለኝም፣ የሚያማኝ ሁሉ ወደ ሌላ ሰፊ ስለሄደ።

7. ጥርጣሬዬን ይዤ የጥናቱን መሪ ሐኪም ለመግጠም ቢሮዋ ድረስ ሄድሁ። አዲስ ሶፋና ምንጣፍ እጠብቅ ነበር። የበሩ እጀታ ተነቅሎ በገመድ የተተካ፣ የተሰበረው መስኮት በካርቶን የተደፈነ ክፍል ውስጥ አንዲት ልጅ የምትሆነኝ ሐኪም ወረቀት ላይ ተደፍታ ደረቅ ዳቦ ትበላለች። ለጠብ ያዘጋጀሁትን ንግግር ትቼ የበሩን ልማድ ነገርኋት። ማኘክ አቆመች።

«እትዬ፣ በር የሚወጡት ታመው ነው?»

«ታዲያ ጤነኛ ባዘቶ ሠራተኛ ማን በር ላይ ያስቀምጣል፣ ልጄ?» አልኋት።

«እኛ እኮ የጠየቅነው አሁን የት ነው የሚሠሩት ብለን ነው። ድሮ የት ነበሩ አላልንም።» ቀጥላም ይህ ስሕተት በሙያቸው የታወቀ መሆኑን፣ ትምህርት ቤት ሳሉ ተጠንቀቁ የተባሉት መሆኑን፣ ነገር ግን የፋብሪካው ሰዎች ጠባቂዎቹ ጥጥ ነክተው አያውቁም ሲሏቸው አምነው መቀበላቸውን ነገረችኝ። ፊቷ ላይ ውሸት ፈለግሁ፤ አጣሁ። ይህም አላጽናናኝም። ሌባ ቢሆን ይያዛል፤ ቅን ሰው ተሳስቶ የፈረመውን ግን ማን ይይዝልኛል?

ቅንነቷ እኔንም አልማረኝም። በሰፈራችን ዞሬ ጠይቄ የባዘቶ ሠራተኛ ያለበት ቤት ሁሉ ሳል እንዳለበት ማረጋገጤን በኩራት ስነግራት «የትኞቹን ቤቶች ነው ያንኳኩት?» አለችኝ። ሳል እንዳለባቸው የማውቃቸውን ነበር። «ታዲያ የእርስዎ ከእኛ በምን ይሻላል?» አለች። ቤቴ እስክደርስ ተናድጄባት ነበር፤ ቤት ገብቼ ሳስበው ግን እውነቷን ነው። ስለዚህ የእኔን ቆጠራ ከዚህ ማመልከቻ ጋር አላያያዝሁም።

ጥናቱን ለምን ራሷ እንደማትስበው ጠይቄያታለሁ። «አንዴ በማኅተም ጸድቋል፣ ብቻዬን ልመልሰው አልችልም። አቤቱታ ከመጣ ግን ይጠሩኛል፤ ከጠሩኝ እናገራለሁ» ብላለች። እዚህ ላይም ትንሽ ጠርጥሬያለሁ፤ እኔን ከፊት አስቀድማ እርሷ ከኋላ ልትቆም ይሆናል። ይሁን፣ እቆማለሁ። ጠርተው ይጠይቋት።

8. በመሆኑም ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ እንደሚባለው፣ መሥሪያ ቤትዎ ጥናቱን ከሥሩ እንዲያስመረምርልኝ እጠይቃለሁ። ሠራተኛው ሁሉ ዛሬ በቆመበት ሳይሆን ዕድሜውን በጨረሰበት ክፍል ይቆጠር። ሥራ የለቀቁትና የሟቾቹ ቤተሰቦችም ይጠየቁ፤ ቤቶቹን ግን እኔም ፋብሪካውም እንዳንመርጥ፣ ሁሉም ይንኳኩ። መጠይቁ ሲሞላ አለቃ አጠገብ አይቁም። ደረት የሚያዳምጠው ሐኪም ሰውየው ከየትኛው ክፍል እንደመጣ አይነገረው። ይህ ሁሉ ተደርጎ ጥፋቱ በእርግጥ የበሩ ሆኖ ከተገኘ እኔ አፌን እይዛለሁ፤ ምናልባት ዛሬም የምጠረጥረው ስለምወደው ይሆናል፣ እርሱም አንድ ዓይነት ማጋደል ነው። ነገር ግን ጥናቱ እስኪደገም ድረስ ማንም ጠባቂ ወደዚያ አዳራሽ አይግባ። ሌላው ሁሉ ቢዘገይ እታገሣለሁ፣ ይህ ግን ከታኅሣሥ 1 ቀን ማለፍ የለበትም።

9. አንድ የቀረኝ ነገር አለ፤ ማመልከቻ ላይ የሚጻፍ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ባለቤቴ ይህን መጻፌን አያውቅም። ቢያውቅ ይቀየመኛል፣ ምክንያቱም ደስ ብሎታል። መጠይቁን ሲሞላ ባዘቶ ክፍል መሥራቱን ለምን እንዳልተናገረ ስጠይቀው «አልጠየቁኝማ። ደግሞስ ታምሜ ነው የወጣሁት ብዬ ሰው ፊት ልናገር?» ያለኝ ሰው ነው። ይህን ሁሉ ዘመን ሰነፍ ደረት ይዤ ተፈጠርሁ እያለ ራሱን ሲያማ ኖሮ፣ ጥፋቱ የእርሱ ሳይሆን የበሩ ብርድ ነው የሚል ማኅተም ያለበት ወረቀት አገኘ። «ተመልሼ ስገባ ይለቀኛል» ይላል። «የተማረ ሰው አጥንቶት ነው እኮ፣ አንቺ ደግሞ ሁሉን ትጠረጥሪያለሽ» ይለኛል። እኔም ወደ ስፌቴ እመለሳለሁ፤ እንዲህ ተስፋ ሲያደርግ ካየሁት ብዙ ጊዜዬ ነው።

በዚህ ሳምንት የድሮ የሥራ ቱታውን ከሣጥን አውጥቶ አጥብቢልኝ ብሎ ሰጠኝ። ሳስለብሰው በሁለቱም ጎን ሌላ ሰው ሊገባበት ይችል ነበር። በመርፌ ያዝ ያዝ አደረግሁለትና፣ መስፋቱን ግን ላለመጀመር ክር አልቆብኛል አልሁት። ትናንት ከሥራ ሲወጣ በዳገቱ በኩል ዞሮ፣ እያረፈ እየሳለ ገበያ ድረስ ወጥቶ፣ ክር ገዝቶልኝ መጣ።

ውሳኔዎ ከቀኑ ቀድሞ እንዲደርስልኝ በመለመን፣ ከታላቅ አክብሮትና ሰላምታ ጋር፣

የበር ጠባቂው ባለቤት፣ ልብስ ሰፊዋ
(ፊርማ)