የፒካፗ ኦሪጅናል ባሌስትራ

ይስማው፣
ሽሮው ድስት ውስጥ ነው፣ አሙቀህ ብላ። ፒካፗን እንዳትነካት።

ጭነቷን የሚሸከመውን ብረት፣ ኦሪጅናሉን ባሌስትራ፣ አውልቀህ የገበያ አስገባህባት፣ ሻንሲዋ ተሰነጠቀ። አስበየድክና ቀለም ቀባህበት። ከዚያ ለሸጠልን የባሕር ዳሩ ካምፓኒ ሰው «እንደገዛናት ናት» አልከው። ሰውዬው በጥፍሩ ቢፍቀው ብየዳው ብቅ አለ። ውሸት እንኳ አታውቅበትም!

እነሱም ያው ናቸው። ሲሸጡ «የሦስት ዓመት ዋስትና አላት» ብለው ምለው ተገዝተው፣ ዛሬ «ኦሪጅናሉ ባሌስትራ ደካማ ነበር ካላችሁ አምጡትና እንየው» ይላሉ።

ኦሪጅናሉንማ ደብረ ኤልያስ ወስደህ ለብረት ቀጥቃጩ ሰጠኸው፣ መጥረቢያ ሆነ።
መጥረቢያ አሠራልኝ ያልኩህ እኔ ነኝ፣ አውቃለሁ።
እሱን ተወው።

እንጨት ልፍለጥ ብለህ መጥረቢያውን እንዳትፈልግ። አምጡት ብለዋል፣ ይዤላቸው ባሕር ዳር ሄጃለሁ።

እህትህ ስሜነሽ