ነፃ ነው ያልከኝ ቅድ

ውድ ወንድሜ፣ እንደምን ሰነበትክ? ከሁሉ አስቀድሜ አንተን ያዋለደችህን የጎረቤታችንን የአዋላጇን ነገር ልንገርህ። ደረጃ ላይ አዳልጧት ወድቃ ዳሌዋ ተሰብሮ ነበር። ኦፕራሲዮን ተደርጋ ቤቷ ገብታለች፤ ግን ገና በቅጡ አትቆምም። የመጨረሻ ልጇ ደግሞ በሚመጣው ሳምንት ታገባለች። «ልጄን በሌሊት ልብስ አልድርም» ብላ ቀሚሷን እንድሰፋላት አዛኛለች። ያንተስ ጤና? ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ የሚጎብጠው ጀርባህስ? ባለቤትህና ትንሿ ለፍላፊ ደህና ናቸው? እኛ ደህና ነን። እኔ ግን እሳት ጎርሼ ነው የምጽፍልህ። በስልክ ስጀምርህ «መስመሩ ተቆራረጠ» ትላለህ፤ ወረቀት አይቆራረጥም።

የአዋላጇ አንድ ትከሻ ከሌላው ዝቅ ያለ መሆኑን ታውቃለህ። ልኳ እስኪስተካከልልኝ ስንት ቀሚስ ፈትቼ ሰፍቻለሁ! ባለፈው ስትመጣ ግን ግድግዳዬ ላይ የተንጠለጠሉትን፣ ጨርቅ የምቆርጥባቸውን የቅድ ወረቀቶች አይተህ ሳቅክብኝ። «እታለም፣ ግሩም ፕሮግራም አግኝቼልሻለሁ። ነፃ ነው፣ ቅድሽን ሁሉ ኢንተርኔት ላይ ያስቀምጥልሻል» አልከኝ። እኔም ሞኟ፣ ሳሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ፣ ሁሉንም አንድ በአንድ አስገባሁ። ወረቀቶቹንም ለሰፈር ልጆች ደብተር መሸፈኛ አደልኳቸው።

ሰኞ ዕለት የአዋላጇን ቅድ ልክፈት ብል እምቢ አለኝ። ነፃው አብቅቷል፣ በየወሩ ክፈይ ይላል። በገዛ እጄ የሠራሁትን! ስደውልልህስ ምን አልከኝ? «ኧረ እሱን ተይው፣ የሚሻል አግኝቻለሁ! ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፣ የራስሽ ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል፣ ማንም አይዘጋብሽም።»

ይሄ እኮ ሦስተኛህ ነው። መጀመሪያ በርካሽ ገዝተህ የላክልኝን፣ አንድ እጅጌ ስስል ኮምፒውተሩን ሲያፈዝብኝ የነበረውን ፕሮግራም ረሳኸው? አንተ አንዱን ታገኛለህ፣ ታጨበጭባለህ፣ ሳትቆይ ወደ ሌላው ትዘላለህ። እኔ ግን መቀሴን ይዤ እዚሁ ጠረጴዛዬ ላይ ነኝ። አዲሱ እንዳልከው ደግ ይሆናል፣ አላማውም። ግን መጀመሪያ የእኔን ቅድ አውጣልኝ! ከእንግዲህም ነፃ ነው ከማለትህ በፊት፣ «እህቴ ልተወው ብትል ሥራዋን ይዛ ትወጣለች ወይ?» ብለህ ጠይቅልኝ።

ቁጣዬ ላንተ ብቻ ነው። ባለቤትህን በጣም ሰላም በልልኝ፣ ለፍላፊዋን ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ። ባለቤቴ ሰላም ይልሃል፤ «ተይ አትቆጪው» ቢለኝም አልሰማሁትም።

ወረቀቱን ላጥፍ ስል በሩ ተንኳኳ። አዋላጇ ናት፤ ባንተ ነፃ ፕሮግራም ቅዷ እንደተዘጋብኝ ሰምታ፣ በአንድ እጇ ምርኩዟን በሌላው ሙሽራዋን ልጇን ይዛ። ቁጭ በይ ብላት እምቢ አለች። ጠረጴዛዬን ተደግፋ እንደምንም ቆማ፣ «በይ ሜትርሽን አምጪና ለኪኝ» አለችኝ። እያለቀስኩ ለካኋት። ስትወጣ በሩ ላይ ቆም ብላ ምን አለች መሰለህ? «ለዚያ ወንድምሽ ጻፊለት። እኔም ያዋለድኩት በነፃ ነው፤ እስከ ዛሬ አልዘጋሁበትም በይው።»