የአባቱን ስም የሚጠራ ዘፋኝ

ለልጄ ለንላንዱ፣ ሊዮፖልድቪል።

እንደምን ከርመሃል? እኔ አባትህ ሉቴቴ፣ ጉልበቴን ከማመሙ በቀር፣ እዚሁ ማታዲ ከነክብሬ አለሁ። የምናገረውን የሚጽፍልህ የሰፈራችን ሰባኪ ነው፤ ቃሌን ቢያለሰልስ እንደማልምረው ነግሬዋለሁ።

ዝናቡ ጥሩ ነው፣ ካሳቫው ይዟል። የባንዳችሁ አዲስ የዘፈን ሸክላም ጠጅ ሻጯ ማሴካ መሸታ ቤት ደርሷል። እንደ ልማዴ ከፊት ተቀመጥኩ። በፊተኞቹ ሸክላዎች ሁሉ ጊታሩ ከመፍጠኑ በፊት "አባቴ ሉቴቴ!" ብለህ ስትጠራኝ ሰው ሁሉ የዘንባባ ጠጅ ይቀዳልኝ የለ? አሁንም ጊታሩ ሊፈጥን ሲል ተነሥቼ ቆምኩ። በአንተ ፈንታ ግን አንድ የማላውቀው ድምፅ የራሱን አባት ጠራ።

"ሸክላውን ገልብጪው፣ ልጄ በጀርባው ይኖራል" አልኳት ማሴካን።

"ገለበጥኩት እኮ አባባ፤ በጀርባውም የለም።"

"ታዲያ ልጅዎ የት ገባ?" አለኝ አንዱ ሰካራም።

"አውራ ዶሮ ላባ ሲቀይር አይጮኽም። አንተ ነህ ዓመቱን ሙሉ የምትጮኸው" አልኩት። ሳቁ። የቀዱልኝን ግን አልጠጣሁም።

እናንተ ዘንድ ወታደር በየመንገዱ ሰው እያፈሰ ይወስዳል ይላሉ፤ እኔ ወሬኛ አልወድም። እናትህ ደህና ናት። ከእናንተ ከተማ ባቡር በመጣ ቁጥር ዓሣ ልገዛ ብላ ጣቢያ ትወርዳለች። ዓሣ ይዛ ገብታ አታውቅም።

ንላንዱ፣ ስሜን መጥራቱ ይቅር። ዘፈኑም ይቅር። በሚቀጥለው ሸክላ ከዘፋኞቹ ኋላ ቆመህ አንድ ጊዜ ብቻ እህ ብለህ ሳልልኝ። እናትህ ሳልህን ታውቀዋለች።

ጎረቤቱ በየስሙ ሰላም ብሎሃል። ያለህበት ጥላ ይሁንልህ።

አባትህ ሉቴቴ፣ በአውራ ጣቱ ፈረመ።