ስለ ቢጫዎቹ ወረቀቶች

ሪሐና፣

ምስሩ ድስቱ ውስጥ አለልሽ፣ አሙቀሽ ብዪ።

ግድግዳው ላይ የለጠፍሻቸውን ቢጫ ወረቀቶች ዛሬ ጠዋት ነቃቅዬ ጣልኳቸው። "የቤት ሠራተኛችን ሀፊዛ ማንበብ ስለማትችል በሥዕል ብቻ የሚሠራ አፕ ትፈልጋለች" የሚለውን አይቼ ነው።
አዎ፣ ፊደል እየቆጠርኩ አነበብኩት። ወላሂ ከፋኝ! እኔ መቼ እንዲህ አልኩሽ? ያንን አጃይል የምትሉትን የአፕ አሠራር ዘዴ ልትለማመዱ በየማለዳው ከጓደኞችሽ ጋር ቆማችሁ "ተጠቃሚውን ጠይቁ" ስትባባሉ፣ እኔ አጠገባችሁ ሽንኩርት እልጥ ነበር። አንዳችሁም ዞር ብላችሁ አልጠየቃችሁኝም። ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው ይሄንን ነው?

ኋላ ግን ዛሬ ከሰዓት ለመምህራችሁ እንደምታቀርቡ ትዝ አለኝና ከቆሻሻው ለቅሜ መልሼ ለጠፍኳቸው። የቱ ወረቀት ከየቱ ርዕስ ሥር እንደነበረ አላወቅኩም፤ ሁሉንም "ያለቀ" የሚለው ሥር ደርድሬልሻለሁ። እሱን እንግዲህ አስተካክዪ።

የእኔዋን አልመለስኳትም። ቀድጃታለሁ።

በስሜ ለመምህሩ የምትናገሩት ካለ መጀመሪያ ለእኔ ንገሩኝ። የምፈልገውን እኔው አውቃለሁ።
እስከ ስምንት ሰዓት ወሎ ሰፈር እህቴ ጋ ነኝ። ስልኬን አልዘጋም።

ሀፊዛ